የነተበው ልብሱ ነው ወይስ ሰውየው?
(«ሻቢ» ስለተባለው የእንግሊዝኛ ቃልና ስለ አተረጓጎሙ)

አንዳንድ ቃል ሲያነቡት ቀላል ይመስላል፤ ሊተረጉሙት ሲቀመጡ ግን ብዕር ያስጥላል። «ሻቢ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከነዚህ አንዱ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈ የእንግሊዝ ልብ ወለድ የገለጠ ሰው ከዚህ ቃል ጋር ሳይገናኝ ሩቅ አይሄድም። ሻቢ ኮት አለ፤ ሻቢ ሰፈር አለ፤ ሻቢ ሽማግሌ አለ፤ ሻቢ ድርጊትም አለ። አንዱ ተማሪ ከቃሉ ራስጌ በእርሳስ «ያረጀ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «የተቀዳደደ» ይላል፤ ሦስተኛው «ቆሻሻ» ብሎ ይገላገላል። ንባቡም ይቀጥላል። ደግሞ ለአንድ አሮጌ ኮት! ምን ይህን ያህል ያጨቃጭቃል? የሚል አይጠፋም።

የሚያጨቃጭቀው ኮቱን የሚያየው ዐይን ነው። ቃሉ ስለ ጨርቅ የሚናገር መስሎ በለባሹ ላይ ይፈርዳል። ተርጓሚው ይህን ፍርድ ልብ ካላለ፣ ወይ ደራሲው ያልናቀውን ሰው ያስንቃል፣ ወይ ደራሲው የናቀውን ሰው ለአንባቢ ያሳዝናል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው መጽሐፉ ነው። ስለዚህ የቃሉን ዘር፣ ጎረቤቶቹንና በሥነ ጽሑፍ የተሠራበትን መንገድ በየተራ እንመርምር፤ ከዚያም አማርኛችን ምን መልስ እንዳለው እንይ።

ሀ. የቃሉ ዘር

«ሻቢ» የተገኘው «ሻብ» ከሚል ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ሻብ ማለት እከክ ማለት ነበር፤ በጎችን የሚይዝ የቆዳ በሽታም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ዛሬ እንግሊዞች የቁስል ቅርፊትን የሚጠሩበት «ስካብ» የዚሁ ቃል ወንድም ነው። ቆየት ብሎ ወራዳ የሚባለውን ሰው «ሻብ» ብለው ይሰድቡት ጀመር። ለለባሽና ለልብስ ቅጽል ሆኖ የተለመደው በ17ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ነው።

እንግዲህ ልብ ይሏል፤ ቃሉ ከሰውነት ወደ ልብስ የተሻገረ እንጂ ከልብስ ወደ ሰው የተሻገረ አይደለም። ንቀቱ መጀመሪያውኑ ነበረበት። በኛም አገር «እከካም» ስድብ መሆኑን የማያውቅ የለም። እከካም የተባለ ሰው በሽታው አይታዘንለትም፤ ይሸሹታል እንጂ። «ሻቢ» ኮት ሲለብስም፣ ሶፋ ላይ ሲቀመጥም፣ ይህን የዘር ጠባዩን አልተወም። ያረጀውን ነገር ሲጠራ «እንዳይነካህ» የሚል ድምፅ ከውስጡ ይሰማል።

ለ. ጎረቤቶቹ

ቃልን ለማወቅ ከጎረቤቶቹ ጋር ማስተያየት ይበጃል። ሁለቱን ብቻ እንውሰድ።

አንደኛው «ትሬድቤር» ነው። ቃል በቃል ክሩ የተራቆተ ማለት ነው፤ የጨርቁ ገጽ በመታሸት አልቆ ድርና ማጉ ሲታይ የሚባል ነው። አማርኛ ለዚህ ልክክ ያለ ቃል አለው፤ ነተበ። ቾሰር በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በጻፈው በካንተርበሪ ተረቶች መቅድም ውስጥ አንድ የኦክስፎርድ ተማሪ አለ። ፈረሱ ከስቷል፤ እሱም ገርጥቷል፤ ካፖርቱ ነትቧል። ነገር ግን ይህ ተማሪ ከጌጠኛ ልብስና ከሙዚቃ መሣሪያ ይልቅ ከራስጌው ሃያ መጻሕፍት ቢኖሩት ይመርጣል፤ ከወዳጆቹ የሚያገኘውንም ገንዘብ በመጽሐፍና በትምህርት ይጨርሰዋል። የነተበው ካፖርት ገንዘቡ የት እንደገባ የሚመሰክር ደረሰኝ ነው። ቾሰር ፈገግ ይልበት ይሆናል፤ አይንቀውም። ይህን ተማሪ በአማርኛ «ቡትቶ የለበሰ» ብሎ የሚያቀርብልን ተርጓሚ ቢመጣ የኔ ቢጤ አድርጎት ያርፋል።

ሁለተኛው «ሾዲ» ነው። ይህ የፋብሪካ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1813 ቤንጃሚን ሎው የተባለ ሰው በሰሜን እንግሊዝ በባትሊ ከተማ የሱፍ ቡትቶን ፈጭቶ ከአዲስ ሱፍ ጋር እየደባለቁ እንደገና መሸመንን አስለመደ። የጨርቁ ስም ሾዲ ተባለ። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ አንዳንድ ነጋዴዎች ከዚህ ጨርቅ የወታደር ልብስ እያሰፉ ለመንግሥት ሸጡ። ልብሱ ዝናብና ጉዞ አልችል አለ፤ በወታደሩ ገላ ላይ ተበታተነ። ከዚያ ወዲህ ሾዲ የማጭበርበር ስም ሆነ። ስለዚህ ሾዲ ሲፈጠር ጀምሮ ብልሹ ነው፤ ሻቢ ግን አንድ ጊዜ ደህና የነበረ ነው። ለመጀመሪያው «እንደ ነገሩ የተሠራ» ብንል ያስኬዳል፤ ለሁለተኛው ግን ያለፈ ታሪኩን የሚያስታውስ ቃል መፈለግ አለብን።

ልዩነቱ በሂስም ላይ ይሠራል። እንግሊዞች አንድን ክርክር ትሬድቤር ካሉት ብዙ ሰው ደጋግሞ የተናገረው ነው ማለታቸው ነው፤ በኛ «ያረጀ ያፈጀ» እንደምንለው። ሻቢ ካሉት ግን ተከራካሪው ሐቀኛ አይደለም ማለት ነው። አንዱ ድካም ነው፤ ሌላው ነውር።

ሐ. በንባብ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው

ከዚህ ቃል «ሻቢ ጄንቲል» የሚል ጥምር ተወልዷል። ጄንቲል ማለት ጨዋ፣ ወግ ያለው፣ ከደህና ቤት የወጣ ማለት ነው። ድኽነት መጥቶበት ወጉን ላለመልቀቅ የሚታገል ሰው ሻቢ ጄንቲል ይባላል። ታከሪ በ1840 ይህን ስም የያዘ ታሪክ ጀምሮ ሳይጨርሰው ትቶታል። ዲከንስ ግን በ1836 በመጽሐፍ መልክ ባወጣው የመጀመሪያ ሥራው፣ በቦዝ ንድፎች ውስጥ፣ ለነዚህ ሰዎች አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷቸዋል።

ምዕራፉ አጭር ነው፤ ቢሆንም የቃሉ አንጀት ያለው እዚያ ነው። ሰውየው በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የንባብ ክፍል ውስጥ ዘወትር የሚታይ ነው። ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ልክ በሩ ሲከፈት ከወንበሩ ላይ ነው። ማታም የመጨረሻው ወጪ እሱ ነው፤ ሙቀትና ጸጥታ ሌላ ቦታ የሌለው ሰው አወጣጥ ይወጣል። የኮቱ ቁልፎች በመርገፋቸው ያ እንዳይታይበት ወደ ጠረጴዛው ጥግት ብሎ ይቀመጣል። ባርኔጣውን ማንም የማያየው መስሎት ከእግሩ ሥር ያኖረዋል። ስምንት ሰዓት ግድም ሲሆን ምሳውን ይበላል፤ ታዲያ ዳቦውን እንደ ሰው አውጥቶ አይገምጥም፤ ኪሱ ውስጥ እየቆረሰ፣ በስርቆት እንደሚበላ ሆኖ ፍርፋሪውን ወደ አፉ ያደርሳል።

አንድ ሳምንት ይጠፋል። ተራኪው ሞተ ብሎ ያስባል። ከዚያ በድንገት ጥቁር በጥቁር ለብሶ ብቅ ይላል። ለካስ ልብሱ ያው የድሮው ነው! በዚያ ዘመን በለንደን የነጣ ጥቁር ልብስን መልሶ የሚያጠቁር ፈሳሽ ይሸጥ ነበር፤ «አዳሽ» እንበለው። ሰውየው ኮቱንና ሱሪውን በዚህ አዳሽ አጥቁሮ መጣ። ጥቂት ቀን ያብለጨልጫል። ቀጥሎ ክርኑ መንጣት ይጀምራል። በመጨረሻ አንድ ዝናብ ይመጣና ቀለሙን ጠራርጎ ይወስደዋል።

ዲከንስ ይህን ሲጽፍ የሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር። የገባውን ያህል የገባው ግን በከንቱ አልነበረም። በ1824፣ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ አባቱ በዕዳ ታስረው እሱ የጫማ ቀለም በሚሠራበት ቤት ውስጥ በየቀለሙ ማሰሮ ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ያረጀን ነገር በጥቁር ቀለም መሸፈን ምን እንደሆነ በእጁ ያውቀዋል። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከእንግሊዝ ጌቶች ሳቅ ይለያል። «ሻቢ» የሚለውን ቃል ከንቀት አፍ ተቀብሎ፣ ቃሉን ይዞ ወደ ሰውየው ወንበር ተጠጋና ኪስ ውስጥ የምትቆረሰውን ዳቦ አሳየን። አንባቢ ሲጀምር ከሚስቁት ጋር ነበር፤ ዝናቡ ሲመጣ ግን ከሰውየው ጋር ይበሰብሳል።

መ. አማርኛው ምን ይላል?

አሁን ወደኛ ቋንቋ እንመለስ። ሸማ የሚያሠራ ሕዝብ ስለ ጨርቅ እርጅና ቃል አይቸግረውም። ጨርቁ መጀመሪያ ይሳሳል፤ ነጩ ይወይባል፤ ቀጥሎ ይነትባል፤ ስፌቱ ይተረተራል፤ ይቦጨቃል፤ ቢጣጣፍ ድሪቶ ይሆናል፤ መጣፍም ሲያቅተው ቡትቶ ይባላል። ከዚያ ልዋጭ የሚለው ነጋዴ በሰፈር ሲያልፍ በኩባያና በሳህን ይለወጣል። እያንዳንዱ ቃል ልብሱ ከዕድሜው ስንተኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ይናገራል፤ በለባሹ ላይ ግን ቃል አይወጣውም። ሌላ ሰው ለብሶት የነበረውን ደግሞ ልባሽ ወይም ሰልባጅ እንላለን፤ ሰልባጅ ግን መልኩ አዲስ ሊሆን ስለሚችል ለሻቢ አቻ አይሆንም። አንድ ሰው ያማረ ሰልባጅ ለብሶ ሲሄድ ማንም አያውቅበትም።

ስለ ለባሹ የሚናገሩ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው ተጎሳቆለ ነው። ለሰውም፣ ለቤትም፣ ለከብትም ይሆናል። «ተጎሳቁሎ አገኘሁት» የተባለለት ሰው «ምን ደርሶበት ይሆን?» ያሰኛል። ሻቢ የተባለው ግን «ምን ዓይነቱ ነው?» ያሰኛል። ስለዚህ ተጎሳቆለ የሻቢን መልክ ይይዛል፤ ንቀቱን ግን በኀዘኔታ ይለውጠዋል። ሁለተኛው አልባሌ ነው። ለኔ እንደሚመስለኝ ለሻቢ የቅርብ ዘመዱ ይህ ነው። «አልባሌ ለብሶ» ስንል ተራና የማይረባ ልብስ ማለታችን ነው፤ «አልባሌ ቦታ ይውላል» ስንል ደግሞ ነገሩ ከልብስ አልፎ ወደ ጠባይ ገብቷል። እንግሊዝኛው የሄደበትን መንገድ አማርኛው በዚህ በአንዱ ቃል ሄዶበታል ማለት ይቻላል።

ሦስተኛም መሣሪያ አለን፤ እንግሊዝኛ የሌለው። በኛ ቋንቋ ግሡ ራሱ ያከብራል ወይም ያዋርዳል። ለምሳሌ አንድ ሻቢ ሽማግሌ ከሆቴል በር ላይ ቆሞ ነበር የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመን እንበል። የሚያየው ዘበኛው ከሆነ፣ «አንድ አልባሌ ሽማግሌ በሩ ላይ ተገትሯል» ያስኬዳል። የሚያየው የጥንት ወዳጁ ከሆነ፣ «ሽማግሌው ተጎሳቁለው በሩ ላይ ቆመዋል» መባል አለበት። ደራሲው ከማንም ሳይወግን የሚያይ ከሆነ ደግሞ፣ «ልብሳቸው የነተበ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ነበር» ይበቃል። እንግሊዝኛው በሦስቱም ቦታ አንድ ቃል ነው፤ አማርኛው ግን ሦስት ሰው አደረገው። ይህ ለተርጓሚ ችግርም ሀብትም ነው።

በንባብ ክፍሉ ውስጥ ለነበረው ሰውዬ ምን እንበል? ከፍ ብዬ ታሪኩን ስተርክ «አንተ» አድርጌዋለሁ፤ በፈገግታ የሚጀምረው የዲከንስ አነጋገር ያስገድዳል። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ የዚያ ሰው ቀን ሙሉ ትግል፣ ቁልፍ መደበቁ፣ ባርኔጣ መሸሸጉ፣ ዳቦ በኪስ መቁረሱ፣ «እርስዎ» እንደተባለ ለመክረም አይደለም እንዴ? አዳሹን የገዛው ሌላ ለምን ኖሯል! ብልህ ተርጓሚ ሲጀምር «እሱ» ብሎ፣ ዝናቡ ሲመጣ ወደ «እሳቸው» ቢሻገር፣ ዲከንስ በአንቀጽ የሠራውን በአንዲት የግስ ፊደል ይሠራዋል።

ለሻቢ ጄንቲል ደግሞ አማርኛ የክትና የዘወትር ልብስ የሚል መለያ አለው። ድኻም ብትሆን የክት አለችህ፤ ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለዳኛ ፊት ትወጣለች። ሻቢ ጄንቲል የሆነው ሰው ክቱ ዘወትር የሆነበት ነው፤ ሌላ የሚለብሰው ስለሌለው የጌትነት ዘመን ኮቱን በየቀኑ ይለብሰዋል፤ ኮቱም በየቀኑ ያልቃል። ስለዚህ በአጭሩ «የነተበ ጨዋ» ብንለው፣ ሲተነተን ደግሞ «ክቱ ዘወትር የሆነበት» ብንል፣ ነገሩን የያዝነው ይመስለኛል። «ድኻ ጨዋ» ግን አይሆንም። ድኽነቱን የማይደብቅ ድኻ ሞልቷል፤ «ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው» ብሎ በሰላም ያድራል። የነተበው ጨዋ ይህን ተረት ሊተርት አይችልም፤ ያነሰው ጥብቆ ብቻ አይደለምና።

አንድ ወጥመድም እዚህ ላይ አለ። ኮቱን በአዳሽ ያጠቆረውን ሰውዬ «ልብሱን ጥቁር አስነክሮ መጣ» ብለን ብንተረጉም፣ ቋንቋው ምንም አይወጣለትም፤ አንባቢያችን ግን «ማን ሞቶበት ነው?» ይላል። በኛ አገር ልብስ ጥቁር የሚነከረው ለሐዘን ነው። ሰውየው ደስ ብሎት፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የገባበት ቀን በአማርኛው የለቅሶ ቀን ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ «የነጣውን ጥቁር ኮቱን አሳድሶት መጣ» ማለት ይሻላል።

ሠ. ሻቢ ሥራ

ቃሉ ልብሱን ጨርሶ የሚጥልበት ጊዜም አለ። አንድ ሰው ባልንጀራውን ሻቢ በሆነ መንገድ አስተናገደው ሲባል ጨርቅ የለም። ይህን «በቆሸሸ ሁኔታ ተቀበለው» ብሎ መተርጎም ሳቅ ነው። ወራዳ ሥራ፣ ክፋት፣ ግፍ ቢባልም ይከብዳል፤ ሻቢ ሥራ የሚታሰርበት ወንጀል አይደለም። ሃያ ዓመት ያገለገለን ሠራተኛ ያለ ምስጋና ማሰናበት ነው፤ ያበላህን ሰው መንገድ ላይ አይቶ እንዳላዩ ማለፍ ነው። አማርኛው «የትንሽ ሰው ሥራ» ይለዋል፤ ከዚህ የተሻለ አልተገኘም። ደግሞም «ያን ያህል ሻቢ አይደለም» ማለታቸው «ደህና ነው፣ አይከፋም» የሚለውን ምስጋና የሚያመጡበት ዘዴያቸው ነው፤ ቃል በቃል ከተተረጎመ ምስጋናው ስድብ ይሆናል።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ቃሉ ሌላ ጉድ አምጥቷል። ሆን ተብሎ ቀለሙ የተፋቀ ወንበር፣ የደበዘዘ መጋረጃ፣ የነጣ ቁም ሣጥን «ሻቢ ሺክ» ተብሎ ፋሽን ሆነ፤ በ1989 በካሊፎርኒያ በሳንታ ሞኒካ በዚህ ስም ሱቅ ተከፈተለት። እዚህ ላይ ድኻው በአዳሽ የሚደብቀውን መንጣት ባለጠጋው ከፍሎ ይገዛዋል። ጨርቁ ላይ የደረሰው ያው መታሸት ነው። የተለየው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ሌላ ወንበር መግዛት እንደሚችል ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አይንቀውም።

ረ. ለተርጓሚ

በዚህ ሁሉ ውስጥ ስናልፍ ተርጓሚው ይህን ቃል ባገኘ ቁጥር ሦስት ነገር መጠየቅ እንዳለበት እናያለን። ነገሩ ዱሮ ምን ነበር? አሁን የሚያየው ማነው? ንቀቱ የገጸ ባሕርዩ ነው ወይስ የደራሲው? ሦስቱን ሳይጠይቅ «ቆሻሻ» ብሎ ያለፈ ሰው፣ እንግሊዝኛ ባያጎድልም ፍርድ አጉድሏል። ንጹሕና ንቱብ ልብስ የለበሰ ሰው በየመንገዱ፣ በየቢሮው ደጃፍ፣ በየቤተ መጻሕፍቱም አለ። አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ቁልፉን በሌላ ቀለም ክር ሰፍቶ የወጣ ሰው «ቆሻሻ» ሲባል ቢሰማ የሚሰማውን ተርጓሚው ራሱ ያስበው።

«የነተበ ጨዋ» የሚለውን አቻ እዚህ ያቀረብኩት እንዲከራከሩበት ነው። በየክፍለ ሀገሩ አነጋገር ከዚህ የጠነከረ ቃል እንደሚኖር አልጠራጠርም፤ የወለጋው፣ የጎጃሙ፣ የመንዙ፣ የወሎው ተማሪ እናቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምን ትለው እንደነበር አስታውሶ ለዝግጅት ክፍሉ በጽሑፍ ቢያደርስ፣ በሚቀጥለው እትም ጎን ለጎን አድርገን እናያቸዋለን።